የማር ኤሊያሁ ቤት

ባሌ ገበያው ሲያኮርፍ አይጮህም፣ በር በኃይል አይዘጋም። የቤት ዕቃ መጠገን ይጀምራል። ባለፈው የጸደይ ወራት በአንድ ሳምንት ውስጥ የወጥ ቤቱን ቧንቧ አጠበቀ፣ የበረንዳውን ወንበር እግር በሚስማር መታ፣ ምንም ያልሆነውን የመኝታ ቤት በር ማጠፊያ ፈትቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ መልሶ ገጠመ። ረቡዕ ዕለት ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ሲገባ ሳየው ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ገባኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱንም አውቃለሁ። ብቻ እኔ ብዙአለም ጥፋቴን በአፌ አውጥቼ ለመናገር አርባ ዓመት የፈጀብኝ ሴት ነኝ፤ በአንድ ሳምንት እንዴት ይሁንልኝ።

ነገሩ የመጣው በሰሌዳ ነው። ዒሪያው፣ ማለቴ የሐደራ ማዘጋጃ ቤት፣ የከተማውን የድሮ ቤቶች አንድ በአንድ የሚያገናኝ የእግር መንገድ አወጣ። ጎብኚው ከኻኑ፣ ከጥንቱ የእንግዳ ማረፊያ ይነሣል፣ ትልቁን ምኵራብ ያያል፣ የውሃው ማማ ሥር ፎቶ ይነሣል፣ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቦታ ይቆማል። በየደጃፉ የብረት ሰሌዳ ተተክሎ ቤቱን ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሠራው፣ ማን እንደኖረበት ይነበባል። አብዛኛው የጥንቶቹ ሰዎች ወሬ ነው፤ ረግረጉን ያደረቁ፣ በወባ ያለቁ። ይገባቸዋል። እኔማ ስንት ዓመት በአውቶቡስ ሳልፍባቸው "እነዚህን ቤቶች ቀለም የሚቀባ ጠፋ?" እያልኩ ነበር የማልፈው።

ሰባተኛው ማቆሚያ ግን የእኛ ነው። የእኛ ስል የኖርንበት አይደለም። ከውሃው ማማ ወረድ ብሎ አንድ ቢጫ ቤት አለ፤ ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ የግቢው በር አረንጓዴ ብረት። ሐደራ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ "የማር ቤት" ነው የሚለው። ከናሕሊኤል ሠፈር የሚመጣውም፣ እንደ እኛ ከክፋር ብራንዳይስ የሚመጣውም፣ "የት ደረስክ?" ሲባል "ከማር ቤት አለፍ ብያለሁ" ይላል። እዚህ የተወለዱት ልጆች ዕብራይስጣቸውን ሲያወሩ እንኳ መሀል ላይ "የማር ቤት" ብለው ይቀጥላሉ። እዚያ ቤት ግን ማር ተሽጦ አያውቅም፣ ቀፎም ተሰቅሎ አያውቅም። ስሙን ያወጣነው እኔና ገበያው ነን፤ በፈረንጆቹ 1985፣ አገር በገባን በሦስተኛው ሳምንት።

ወሬውን እኔ እንዲህ ነበር የማወራው። ሰርግ ላይ አወራዋለሁ፣ ለሲግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ አወራዋለሁ፣ ጡረታ እስክወጣ በሠራሁበት የአረጋውያን ቤት ደግሞ በሰባራ ዕብራይስጤ ያልነገርኩት ሽማግሌ የለም።

"ኦርኒት የምትባል ሴት ነበረች፤ ለአዲስ ገቢዎች ጉዳያችንን የምትጨርስልን። አንድ ቀን እየሳቀች መጥታ ካረፍንበት ክፍል መስኮት ያንን ቢጫ ቤት በጣቷ ታሳያለች፣ 'ማር ኤሊያሁ፣ ማር ኤሊያሁ' ትላለች። እሷ ማለቷ፣ አቶ ኤሊያሁ ለብርቱካን እርሻቸው ሠራተኛ ይፈልጋሉ፣ ሂዱና አነጋግሯቸው ነው። በዕብራይስጥ ማር ማለት አቶ ማለት ነዋ። ገበያው ግን በጎንደር ጆሮው ሰማው። ኤሊያሁ የሚባል ሰው ማር አለው ብሎ፣ የታደልነውን አዲስ የአሉሚኒየም ድስት አንሥቶ እየበረረ ሄደ። በሩን አንኳኳ። ሽማግሌው ወጡ። ድስቱን ዘርግቶ 'ማር?' አላቸው። እሳቸውም ደረታቸውን መታ መታ አድርገው፣ 'አኒ' አሉት፤ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እስቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ባወራውም እዚያ ቦታ ስደርስ ሳቄን መያዝ አልችልም። ከዚያ ሽማግሌው ድስቱን ብርቱካን ሞልተው እንደላኩት፣ በማግሥቱ ኦርኒት ነገሩን አስረድታ ሥራ እንደገባ፣ ኤሊያሁ ነፍሳቸውን ይማርና እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ለሮሽ ሃሻና፣ ለአዲስ ዓመት፣ አንድ ብልቃጥ ማር እየላኩ እንደቀለዱበት እጨምራለሁ። ገበያው በዚያ እርሻ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራ። ወሬውን ሳወራ ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ የሻይ ብርጭቆውን ያዞራል፤ አንድ ቀን እንኳ ተናግሮ አያውቅም።

አሁን እውነቱን ልናገር። ኦርኒትን የሰማሁት እኔ ነኝ። ገበያው ያን ጊዜ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ነበር። እኔ አልሄድም ነበር። ሱዳን ላይ የመጀመሪያ ልጃችንን ቀብረን ነው የመጣነው፤ ያን ሰሞን ከአልጋ ወርጄ መስኮት ሥር መቀመጥም ይበዛብኝ ነበር። ኦርኒት መጥታ "ማር፣ ማር" ስትል ሰማሁ፣ ጣቷን አየሁ፣ አለቀ። ገበያው ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁትና፣ "ኤሊያሁ የሚባል ሰው ማር ያድላል አሉ፤ ሳያልቅ ሮጥ በል" ብዬ ድስቱን በእጁ አስያዝኩት። ብርቱካን ይዞ ተመለሰ። ነገሩ ሲገባኝ እፍረት ገደለኝ። ጎረቤቶች ተሰብስበው "ምንድነው?" ሲሉ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "ገበያው ማር መስሎት እኮ ነው" አልኩ። ገበያው ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። እንደገባኝ ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገ ሲመጣ ወሬው ሦስት ሠፈር ደርሷል።

እንግዲህ ሞራን የመጣችው በዚህ ላይ ነው። ሞራን የጓደኛዬ የጥሩአለም ልጅ ናት፤ ዒሪያው ውስጥ የእግር መንገዱን ሥራ የምትመራው እሷ ናት። እዚህ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን "እርስዎ" ብላ ትጀምርና "አንቺ" ብላ ትጨርሳለች። በዕብራይስጥ አክብሮ መናገር የለም፣ ልጅቱ ምን ታድርግ።

"እትዬ ብዙአለም፣ እርስዎ የቤቱን ሲፑር ንገሪኝ፤ እቀዳዋለሁ" አለችኝ። ሲፑር ታሪክ ማለት ነው።

ነገርኳት። እንደ ልማዴ አሳምሬ ነገርኳት። "አኒ" የሚለው ላይ ስደርስ ልጅቱ ስልኳን ጥላ በሁለት እጇ ዓይኗን ጠረገች። ገበያው የዚያን ዕለት ሐኪም ቤት ሄዶ አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጽሑፉን በስልክ ላከችልን። ገበያው መነጽሩን አድርጎ ፊደል በፊደል አነበበው። ዕብራይስጡን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ "በ1985 ገበያው የተባለ ከኢትዮጵያ የመጣ አዲስ ገቢ፣ 'ማር' የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ባለማወቁ፣ ማር ሊቀበል ድስት ይዞ እዚህ በር ላይ ቆመ።" አንዴ አነበበ፣ ደገመ፣ መነጽሩን አወለቀ።

"ለወሬ እሺ" አለኝ። "ይኼ ግን ብረት ነው። ብረት ላይ የሚጻፈው እውነቱ ይሁን።"

"ምን ችግር አለው? ስምህ ተጽፎልሃል።"

"አየሁት።"

"ስሙ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍለት የሚያኮርፍ ሰው አንተን ብቻ ነው ያየሁ።"

"አላኮረፍኩም" አለና ቧንቧውን ሊያጠብቅ ተነሣ።

የምረቃው ቀን ዓርብ ነበር። እሑድ ማታ እራት ላይ፣ "ዓርብ እኔ አልመጣም፤ እግሬን ያመኛል" አለኝ። ገበያውን ሃያ ሁለት ዓመት ፓርዴስ ውስጥ፣ በብርቱካኑ ማሳ ጭቃ ሲመላለስ እግሬን አመመኝ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የገዛ ስሙ በተጻፈበት ደጃፍ መቆም አፈረ ማለት ነው። ሰው በወሬ ሲስቅበት አርባ ዓመት ችሎታል። የልጅ ልጆቹና የማያውቁት ሰዎች ለዘላለም እየቆሙ "ይህ ሞኝ ማን ነበር?" እንዲሉት ግን አልቻለም። አንጀቴን በላው። እንደዚያም ሆኖ አፌን ከፍቼ "የእኔ ስህተት ነው ብዬ እናገራለሁ" አላልኩትም። "ሳህኑን አንሣ" ነው ያልኩት።

ሰኞ ለሞራን ደወልኩ። ልነግራት ብዬ ነው የደወልኩት፣ እውነቴን ነው።

"ሞራን፣ ያ ጽሑፍ ቢቀየር ምን ይመስልሻል?"

"ለምን? ካካ ማቱቅ ነው" አለች፤ እንዲህ ይጣፍጣል ማለቷ ነው። "ደግሞ ወርክሾፕ ገብቷል። ምኑ ነው የሚቀየረው?"

ይኸው ዕድሉ፤ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር። "ቀለሙ" አልኳት። "ሰማያዊው ትንሽ ደመቀ።"

"ቀለሙ የሁሉም አንድ ነው፣ እትዬ ብዙአለም" አለችና ስብሰባ አለብኝ ብላ ዘጋች። ስልኩን ይዤ ራሴን ሰደብኩ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ገበያው መሰላሉ ላይ ወጥቶ የሳሎኑን አምፖል ሲፈትሽ፣ ገበያ ልሄድ ነው ብዬ በአውቶቡስ ወደ ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን ሄድኩ። ሰሌዳዎቹን የሚሠራው ኤያል የሚባል ሰው ነው፤ ስሙን ከሞራን መልእክት ላይ አይቼዋለሁ። ወርክሾፑ በጎማ ጠጋኝና በመስታወት ቆራጭ መሀል ነው። አሥራ አንዱ ሰሌዳ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሯል። ሰባተኛውን ሳልጠይቅ አወቅሁት። የገበያውን ስም በጣቴ ዳሰስኩት፤ ፊደሉ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀርጿል፣ ጥፍሬ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ነው ገበያው ያለው የገባኝ።

"ይኼ መስተካከል አለበት" አልኩት በዕብራይስጥ። "የተጻፈው ውሸት ነው።"

ኤያል ከማሽኑ ቀና አላለም። "እመቤቴ፣ በዚህ ሳምንት ውሸት ነው ካሉኝ አራተኛዋ ነሽ። አንዱ የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈረው የእኔ አያት ነው ይላል። ሌላዋ መጥታ የለም የእኔ ነው ትላለች። አንቺስ አያትሽ ምን ቆፈረ?"

"አያቴ የሉበትም። ውሸታሟ እኔ ነኝ።"

ይኼኔ ማሽኑን አጠፋው። ለማያውቀኝ ሰው መናገር ምን እንደሚቀል አላውቅም ነበር። ከኦርኒት ጣት ጀምሬ እስከ ብርቱካኑ ድረስ፣ ዓይኔን በጨው መታጠቤን ሳልደብቅ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ ታየ። ከዚያ ሳቁን አቆመና፣ "ባልሽ ምን አለ?" አለኝ።

"ምንም። ቧንቧ አጠበቀ።"

"ሴትዮ፣ እኔ ያለ ዒሪያው ደብዳቤ አንዲት ነጥብ አልነካም። ነገ ጠዋት ይሰቀላል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሰሌዳው አይበየድም። በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎን ይፈታል።"

ወደ ቤት ስመለስ አራት ብሎን፣ አራት ብሎን እያልኩ ነበር። ገበያ ሄድኩ ብዬ ባዶ ፌስታል ይዤ መግባቴን ገበያው አየና አምፖሉን መፈተሽ ቀጠለ።

ዓርብ ጠዋት ነጩን ቀሚሴን ለብሼ ድስቱን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ያው ድስት ነው፤ እጀታው አንዴ ተቀይሯል፣ ቂጡ ጠቁሯል። ሞራን ለሕዝቡ እንዲታይ አምጡት ብላ ነበር።

"ወገቤን ይዞኛል፤ አንተ ያዝልኝ" አልኩት።

"እኔ እኮ እግሬን..."

"እግርህን ትናንት መሰላል ላይ አየሁት። ገበያው፣ ዛሬ የምናገረው አለኝ። መጥተህ ስማኝ። ካልወደድከው ጥለኸኝ ሂድ።"

ትንሽ አየኝና የሰንበት ኮቱን ለበሰ።

ቢጫው ቤት ደጃፍ ስልሳ የሚሆን ሰው ቆሟል። የእኛ ሰዎች በአንድ ወገን፣ የድሮዎቹ የከተማው ቤተሰቦች በሌላ ወገን፣ ከፊት ደግሞ ከዒሪያው የመጡ ከረባት ያሠሩ ሰዎች። የኤሊያሁ የልጅ ልጅ ኦፈር አረንጓዴውን በር ከፍቶ ወንበር ያወጣል። ከግቢው ውስጥ ካለችው ከመጨረሻዋ የብርቱካን ዛፍ የአበባው ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። ሰሌዳው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ኤያል አጠገቡ ቆሞ ሲያየኝ በአገጩ ሰላም አለኝ። ገበያው ከሰው ኋላ ግድግዳ ሥር ድስቱን ታቅፎ ቆመ።

ሞራን ተናገረች፣ ጨርቁ ተገለጠ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ "አሁን ታሪኩን ከባለታሪኳ አፍ እንስማ" ብላ ማይክሮፎኑን ሰጠችኝ። ሰው ሁሉ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ፊቴን ያያል። ኦርኒትን፣ መስኮቱን፣ ድስቱን በዕብራይስጥ አወራሁ። ማር መስሎት ሄደ የሚለው ላይ ስደርስ ዕብራይስጡ ከአፌ ጠፋ። በአማርኛ ቀጠልኩ።

"ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ውሸት ነው" አልኩ። "ውሸቱም የእኔ ነው። ማር ያልኩት እኔ ነኝ። ድስቱን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ የሄደው ስለላክሁት ነው። ስላፈርኩ በእሱ ላይ አላከክሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ አስቄበታለሁ። አንድ ቀን አላጋለጠኝም።"  ጥሩአለም በነጠላዋ አፏን ያዘች። ወደ ኋላ ዞሬ ግድግዳው ሥር ያለውን ሰውዬ አየሁትና፣ "ገበያው፣ ማረኝ" አልኩት።

ሞራን ሁሉንም እየተከተለች ወደ ዕብራይስጥ ትመልስ ነበር፤ ጎበዝ ናት፣ እዚህ ድረስ ምንም አልሳተችም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ የመጨረሻውንም ተረጎመች፦ "እና አሁን፣ ማር እንዲሰጣት ባሏን ትለምነዋለች።"

የድሮዎቹ ቤተሰቦች "አዬ" ብለው አጨበጨቡ። ኦፈር ማር ሊያመጣ ወደ ቤት ሮጠ። እኔ ሞራንን ዞሬ አየኋት።

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ማረኝ አላሉም? ማር... ስጠኝ ማለት አይደለም?"

ይኼኔ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ገበያው ነው። ድስቱ ላይ ተደፍቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይስቃል። የእኛ ሰዎች እሱን አይተው ጀመሩ፣ ከዚያ ማንም የሚያቆማቸው ጠፋ። ልጅቱ ይቅር በለኝ ማለት እንደሆነ ሲነገራት ፊቷን በወረቀት ሸፈነች። ገበያው ሰዉን ከፍሎ ወደ ፊት መጣና ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደ። እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም፤ እንደ ዱላ ነው የያዘው።

"ሞራን፣ አይዞሽ" አላት። "ይኼ ቃል ብዙ ሰው አሳስቷል። እኔን ግን አላሳተኝም።"

ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

"ኡልፓን ከገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህርቷ ሰሌዳ ላይ ጽፋ አሳይታናለች፤ ማር ማለት አቶ ነው፣ ጌቬረት ወይዘሮ ነው ብላ። ብዙአለም ኤሊያሁ ማር ያድላል ስትለኝ፣ የሰማችው 'አቶ ኤሊያሁ' መሆኑን ዐውቄያለሁ።"

"ታውቅ ነበር?" አልኩት። ማይክሮፎን ባይኖረኝም ሰው ሁሉ ሰማኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ድስት ይዘህ ምን ልታመጣ ሄድክ?"

ወደ እኔ ዞረ። ማይክሮፎኑን ረስቶ ወደ ጎን አወረደው፤ ሞራን ግን ተጠግታ ወደ አፉ መለሰችለት።

"ስትነግሪኝ ስቀሽ ነበር" አለኝ። "ከሱዳን ወዲህ አልሳቅሽም ነበር። በር ድረስ መጥተሽ፣ ሮጥ በል ብለሽ፣ ድስቱን ሰጠሽኝ። ምን ልበል? ማር የለም ልበል? ሠፈሩን አንዴ ዞሬ ልመለስ ብዬ ነው የወጣሁት። የማንንም በር አላንኳኳሁም። እዚህ በር ስደርስ ሽማግሌው ቆመው ነበር። ድስቴን አዩ፣ ምን ፈለግህ አሉኝ። የማውቀው ዕብራይስጥ ሁሉ ጠፍቶብኝ 'ማር' ብቻ ቀረኝ። 'አኒ' አሉ።"

እኔ እዚያ የቆምኩበት ማልቀስ ጀመርኩ። አፍሬ አይደለም፣ እፍረቱንማ ጨርሼዋለሁ። ያን በር ላይ የሳቅሁትን ሳቅ እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ አርባ ዓመት ይዞታል።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። "በየሰርጉ ሞኝ ሳደርግህ?"

"ስታወሪው ትስቂያለሽ" አለ። "እኔ ምን ጎደለብኝ።"

ሞራን ይኼንን ስትተረጉም ምንም አልሳተችም። ከረባት ያሠረው ሰውዬ አፍንጫውን በመሀረብ ጠረገ። ኦፈር ብልቃጥ ማር ይዞ ወጥቶ ሁሉም ሲያለቅስ ሲያይ ደነገጠ፤ ምን ያድርግ፣ ማሩን ድስቱ ውስጥ አስቀመጠው። ኤያል ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ ወደ ሞራን አየ። ሞራን በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በዚያው ቀን የተመረቀው ሰሌዳ በዚያው ቀን አራት ብሎኑ ተፈታ።

አዲሱ ከሻቩዖት በዓል በኋላ ተሰቀለ፤ በዕብራይስጥና በአማርኛ። ጽሑፉን ሞራን ገበያውን ጠይቃ፣ እኔን ጠይቃ፣ እናቷን አማርኛውን አሳርማ ነው ያወጣችው። "በ1985 ብዙአለም 'ማር ኤሊያሁ' ሲባል ሰምታ ማር መስሏት፣ ድስት አስይዛ ባሏን ገበያውን ወደዚህ ቤት ላከችው። ገበያው ማር አለመሆኑን እያወቀ ሄደ" ይላል። ጎብኚዎች ቆመው ያነባሉ፤ አንዳንዱ ሁለተኛውን መስመር ይደግመዋል። በአውቶቡስ ሳልፍ አያቸዋለሁ።

ያን ዓርብ ግን በእግራችን ነው የተመለስነው። ገበያው ድስቱን ከነብልቃጡ ይዟል፤ እግሩንም አላመመውም።

"ገበያው" አልኩት፤ "ሽማግሌው በር ላይ ባይቆሙ ኖሮ ምን ብለህ ትመለስ ነበር?"

"አልቋል እልሽ ነበር።"

"አምንህ ነበር። ግን በማግሥቱ ጠዋት ቶሎ ተነሣ፣ ቀድመህ ተሰለፍ ብዬ መልሼ እልክህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ። "በማግሥቱም እሄድ ነበር።"

ቤት ስንደርስ ኮቱን ሰቀለ፣ ድስቱን ቦታው መለሰ፣ ከዚያ መሰላሉን ተሸክሞ ለጎረቤት ሊመልስ ወጣ።